ስለ ብዙ ሰው ማዕድ
በኮሌጅ ወጥ ቤት በክረምት ልምምድ የተገኘ ትምህርት

በክፍላችን ስለ ከዋክብት ርቀትና ስለ ባሕር ጥልቀት ስንማር ደስ ይለናል። ነገር ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ከፊታችን የሚቀርበው ማዕድ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚፈልግ የሚመረምር ተማሪ ጥቂት ነው። ለአምስት ወይም ለስድስት ቤተ ሰብ የሚሠራውን ምግብ ሁላችንም በየቤታችን እናየዋለን። ለሦስት መቶና ለአራት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚቀርበው ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ለብዙ ሰው ማብሰል ማለት ለጥቂት ሰው የሚሠራውን በቁጥር ማብዛት ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰው ሲበዛ ሒሳቡም፣ እሳቱም፣ ንጽሕናውም ጠባያቸውን ይለውጣሉ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ በኋላ፣ በመካኒሳ አቦ አካባቢ ከሚገኙት ኮሌጆች በአንደኛው የምግብ አገልግሎት ክፍል ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ በሥራ ልምምድ ቆየሁ። ክረምት ሲገባ ኮሌጅ ሁሉ ባዶ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአገራችን በየገጠሩና በየከተማው የሚያስተምሩ አያሌ መምህራን ትምህርታቸውን የሚያሻሽሉት በክረምት ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ትሪ ይዘው ከሚሰለፉት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው አስተማሪዎች ነበሩ።

የእኔ ሥራ ሦስት ዓይነት ነበር። ጧት ከንብረት ክፍል የሚወጣውን እህል፣ ሽንኩርትና ዘይት መዝኖ መመዝገብ፤ ቀትር ላይ በመስተንግዶው መስመር ቆሞ መጨለፍ፤ ከዚያም በኋላ የምግቡን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለኩ በመዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይህን የሰሙ አንድ ጎረቤታችን «ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ምን ይማራል?» ብለው ነበር። እነሆ የተማርሁትን በተራ እገልጻለሁ።

፩ኛ. ስለ ቆጠራና ስለ ሚዛን

በአገራችን ተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ መመገብ አዲስ ነገር አይደለም። በኮተቤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪዎችን ይመግቡ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ይህም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ዛሬ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ተማሪዎች ከምግብ አዳራሹ የሚመገቡት «ካፌ»፣ በምትኩ ገንዘብ ተቀብለው በውጭ የሚመገቡት ደግሞ «ኖን ካፌ» ይባላሉ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ሥራ በሰፊው ተጀምሮ፣ ተደራጅተው የሚያበስሉ እናቶች ለብዙ ሺህ ሕፃናት ምግብ ማቅረብ ጀመሩ።

የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረቱ ሒሳብ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። 22 ብር ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት ሲካፈል ለአንድ ማዕድ የሚደርሰው 7 ብር ከ33 ሳንቲም ያህል ነው፤ 100 ብር ሲካፈል 33 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። ይህን ቁጥር የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ የሚያውቅ ወላጅ ሁሉ ራሱ ሊመዝነው ይችላል። ባለ በጀት ብዙ ማባከን ስለማይችል፣ ወጥ ቤቱ ምግብ ከማብሰሉ አስቀድሞ ይቈጥራል።

ለምሳሌ ያህል ተመጋቢው 300 ሰው ነው እንበል። ለምሳ 1 እንጀራ፣ ለእራት 1 እንጀራ ቢሰጥ በቀን 600 እንጀራ ያስፈልጋል። አንዱን እንጀራ አፍስሶ፣ ከድኖና አብስሎ ለማውጣት 3 ደቂቃ ቢፈጅ በአንድ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ይወጣል። እንግዲህ 600 እንጀራ በአንድ ምጣድ ሲጋገር 30 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው፤ አንድ ቀን ግን 24 ሰዓት ብቻ ነው! በ6 ምጣድ ሲሆን 5 ሰዓት ይበቃል። ስለዚህ አንዲት ጋጋሪ ሦስትና አራት ምጣድ በዙሪያዋ ደርድራ፣ አንዱን ስታሰፋ አንዱን እየከደነች፣ ሌላውን በሰፌድ እያወጣች ትዞራለች። ይህን ሥራ የሚያይ ሰው ጊዜን መከፋፈል ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል።

ጭልፋም እንዲሁ የሒሳብ መሣሪያ ነው። 60 ኪሎ ወጥ ለ300 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 200 ግራም ይደርሰዋል። የሚጨልፈው ሰው ርኅራኄ ተሰምቶት ለእያንዳንዱ 20 ግራም ብቻ ቢጨምር 272 ሰው ካስተናገደ በኋላ ድስቱ ይራቆታል፤ የቀሩት 28 ሰዎች ሙሉ ድርሻቸውን አያገኙም። እነዚያ የመጨረሻዎቹ ምናልባት ከትምህርት ክፍል ዘግይተው የወጡ ወይም በሕመም ምክንያት ቀስ ብለው የመጡ ይሆናሉ። ከዚህም የተነሣ ዋናዋ ወጥ ቤት ሁልጊዜ «ለፊተኛው ስትቸር የኋለኛውን አስበው» ይሉኝ ነበር። ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት በወጥ ቤት ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ ናቸው።

የሰልፉም ጊዜ በሒሳብ ይታወቃል። ለአንድ ሰው 12 ሴኮንድ ቢፈጅ 300 ሰው ለማስተናገድ 3,600 ሴኮንድ፣ ማለት 1 ሙሉ ሰዓት ያስፈልጋል። መስመሩ ሁለት ሲሆን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «ምን ልስጥህ?» «ቆይ ላስብ» በመባባል የሚጠፋው ትንሽ ጊዜ ከኋላ ያለውን ሰው የምሳ ዕረፍት ይበላበታል።

፪ኛ. ስለ እሳትና ስለ ድስት

በፊዚክስ ትምህርት ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብለን ተምረናል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ፣ መካኒሳም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ውኃው በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላም በኋላ እሳቱን ቢያበረቱት በክፍት ድስት ያለ ውኃ እየተነነ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ባቄላና ሽምብራ በአዲስ አበባ ለመብሰል ከቈላ አገር ይልቅ የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው። እትዬ የፊዚክስ መጽሐፍ ባያነቡም ጥራጥሬውን ማታ ይዘፈዝፉታል፤ በማግሥቱ ማገዶውና ጋዙ ይተርፋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ነገር ልግለጽ፤ ይኸውም የቤት ድስትና የኮሌጅ ድስት በሙቀት ረገድ አንድ ዓይነት ነገር አለመሆናቸው ነው። ነገሩ እንዲገባን ድስቱን እንደ ሳጥን አድርገን እንቍጠረው። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 1 ሊትር ይይዛል፤ የውጭ ገጹም 600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ግን 64 ሊትር ይይዛል፤ ገጹ 9,600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ለ64 ሊትር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ገጽ 150 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሙቀት የሚወጣው በገጽ በኩል ስለ ሆነ፣ በትልቁ ድስት ያለው ወጥ ለመቀዝቀዝ ከትንሹ ይልቅ እጅግ ይዘገያል። በአንጻሩ ወጡ በዝርግ ትሪ ላይ ሲገለበጥ ገጹ ስለሚበዛ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

«ታዲያ ቢዘገይ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ እንዲህ ነው። የምግብን ደኅንነት የሚያጠኑ ሊቃውንት በ5 ዲግሪና በ60 ዲግሪ መካከል ያለውን ሙቀት የአደጋ ወሰን ይሉታል። በዚህ ወሰን ውስጥ ጥቃቅን ሕዋሳት ይራባሉ፤ አመቺ ሙቀት ሲያገኙ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። 100 ሕዋሳት በ3 ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ እጥፍ ቢሆኑ 51,200 ይሆናሉ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ሕዋስ ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር ስላለው መፍላት አይገድለውም፤ ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ ዘሩ ይነቃል፤ ይራባልም። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። የተረፈው ቶሎ በትናንሽና በዝርግ ዕቃ ተከፋፍሎ ወደ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት፤ ለወዲያው የሚቀርበው ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ እየጋለ መቆየት ይገባዋል።

በየቤታችን የማታውን ወጥ በድስቱ አሳድረን ጧት አሙቀን መብላት የቆየ ልማድ ነው። ያም ቢሆን ያለ ሥጋት አይደለም። ነገር ግን ትንሹ ድስት ቶሎ ስለሚበርድ፣ የሚበላውም ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህንኑ ልማድ ወደ 60 ሊትር ድስት ማዛወር ግን አደጋውን ከጥቂት ሰው ወደ ሦስት መቶ ሰው ያዛውረዋል።

፫ኛ. በፍልሰታ ጾም ስለ ሆነው ነገር

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። በጾሙ ወራት ከተመጋቢዎቹ አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶች፣ በ6 ሰዓት ምሳ ይበላሉ። ጿሚዎቹ ግን ብዙዎቹ በአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ በ9 ሰዓት ይመገባሉ። ወጥ ቤቱ ለሁሉም እኩል ክብር መስጠት አለበት፤ ለዚህ ሲባል የፍስክና የጾም ድስት፣ ጭልፋና ቢላዋ የተለያየ ነው። ሥጋ በሚቀርብበትም ቀን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በየራሱ ዕቃና በየራሱ ምድጃ ይሠራል። እንግዲህ በጾሙ ጊዜ አንድ ምሳ ሁለት ምሳ ይሆናል፤ በሁለቱም መካከል ሦስት ሰዓት አለ። ከዚህ በላይ የገለጽሁት የሙቀት ትምህርት እዚህ ላይ በሥራ ተፈተነ።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት በአንድ ቀን የ9 ሰዓቱ የምስር ወጥ ከ6 ሰዓቱ ምግብ ጋር አብሮ ተሠርቶ፣ በዝርግ ትሪዎች ተገልብጦ፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ወጡ 22 ኪሎ ነበር፤ ማለትም ለ110 ሰው ለእያንዳንዱ 200 ግራም። ወደ 6 ሰዓት ሲቃረብ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበና መብራት ጠፋ። ሁላችንም በምሳው መስመር ላይ ስለ ነበርን አዳራሹ በመስኮት ብርሃን ሥራውን ቀጠለ። የምሳው መስተንግዶ ካለቀ በኋላ፣ በ8 ሰዓት እንደ ሥርዐቱ ሙቀቱን ለካሁ፤ ቴርሞሜትሩ 38 ዲግሪ አመለከተ። ይህ የሰው ገላ ሙቀት ያህል ነው፤ ለሕዋሳት ከዚህ የበለጠ ምቹ ቦታ አይገኝም። ቁጥሩን በመዝገቡ ጽፌ ለእትዬ አሳየኋቸው።

ከዚህ በኋላ ክርክር ተነሣ። የሒሳቡ ኃላፊ በጀቱን የሚያስቡ ሰው ስለ ሆኑ «እንዴት 22 ኪሎ ወጥ ይደፋል? በቡታ ጋዝ ይፍላና ይቅረብ እንጂ!» አሉ። ይህ አሳብ ተራ አሳብ አልነበረም። በአገራችን ብዙ ሰው በቂ ምግብ በማያገኝበት ጊዜ ምግብ መድፋት ልብን ያሳዝናል፤ የኃላፊውም ጭንቀት ከዚህ የተነሣ ነበር። እትዬ ግን ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ ብለው መለሱ፦

«እሳቱ ተባዩን ይገድለው ይሆናል፤ ተባዩ የተፋውን መርዝ ግን አያጠፋውም። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ትተው ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ነገም ፈተና አለባቸው። እኔ ያልበላሁትን ለእነርሱ አላቀርብም።»

ቃላቸው በሳይንስም የተረጋገጠ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ሕዋስ በሰው እጅና አፍንጫ ይገኛል፤ በሞቀ ምግብ ውስጥ ሲራባ የሚያወጣው መርዝ በማፍላት በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ «ብቻ ይፍላ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም።

ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «በል ልጄ፣ ሽሮ መዝንልኝ» አሉኝ። ለአንድ ሰው 50 ግራም ዱቄት ቢታሰብ ለ110 ሰው 5 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ሽሮ አስቀድሞ የተቈላና የተፈጨ ስለ ሆነ እንደ ምስር ረጅም እሳት አይፈልግም፤ እርሳቸውም የመረጡት ለዚህ ነው። ሽንኩርት ተከተፈ፤ ሁለቱ የቡታ ጋዝ ምድጃዎች ተለኰሱ፤ አንዱ ዘይትና በርበሬ ያቁላላል፤ ሌላው ውኃ ያፈላል። በ9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚንተከተክ ሽሮ ወደ አዳራሹ ገባ። ሃያ ደቂቃ በመቆየታቸው ያጉረመረሙ ነበሩ። ጾመው ለዋሉ ሰዎች ሃያ ደቂቃ ብዙ ነውና አይፈረድባቸውም። ስለ ምን እንደ ዘገየ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ በልተው፣ አመስግነው ወደ ጥናታቸው ሄዱ።

ያ የምስር ወጥ ቢቀርብ ኖሮ የሚታመም ሰው ይኖር እንደ ሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የወጥ ቤት ሥራ ከሌላው ሥራ የሚለየውም በዚህ ነው። ድልድይ የሠራ ሰው ድልድዩ ይታይለታል፤ ድርሰት የጻፈ ድርሰቱ ይነበብለታል። የደኅና ወጥ ቤት ዋና ሥራ ግን ሳይደርስ የቀረው ነገር ነው፤ ያልታመመ ሰው «ከመታመም ዳንሁ» ብሎ አያመሰግንም። በዚያን ዕለት የቀረው ምስክር በመዝገቡ ላይ «የምስር ወጥ፣ 22 ኪሎ፣ ተወገደ» የሚለው አንድ መስመር ነበር። ከማግሥቱ ጀምሮ ደግሞ የ9 ሰዓቱ ወጥ በ8 ሰዓት ገደማ ለብቻው እንዲሠራ ደንብ ወጣ። የሒሳቡ ኃላፊም በዚህ ደንብ ላይ ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ምግብ እንዳይደፋ የሚረዳው የተበላሸውን ማቅረብ ሳይሆን እንዳይበላሽ አስቀድሞ ማሰብ ነውና።

፬ኛ. ስለ እጅ ንጽሕና

ከእሳቱ ቀጥሎ የሚያስፈራው እጅ ነው። በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። በአየርላንድ የተወለደች ሜሪ ማለን የምትባል ሴት በኒው ዮርክ በሀብታሞች ቤት ወጥ ቤት ሆና ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ክረምት (በእነርሱ በጋ) በተቀጠረችበት ቤት ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ታመሙ። ጆርጅ ሶፐር የተባለ መርማሪ ነገሩን ሲከታተል፣ ቀደም ሲል በሠራችባቸው ቤቶችም በሽታው ተነሥቶ እንደ ነበር አወቀ። ሜሪ ራሷ ጤነኛ ነበረች፤ ሳትታመም ግን በሽታውን ተሸክማ ትዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰው ተለይታ እንድትቀመጥ ተደረገ፤ በ1910 ዳግመኛ ወጥ እንዳትሠራ ቃል ገብታ ተለቀቀች። ሌላ ሥራ ግን እንደ ቀድሞው ስላልከፈላት ስሟን ለውጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። በ1915 በአንድ የወላዶች ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሲሞቱ፣ የምታበስለው እርሷ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ እስከ ሞተችበት እስከ 1938 ድረስ ተለይታ ኖረች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ሰው ሁሉ ከበሽታ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ምግብ የሚሠሩ ሰዎች በየጊዜው የጤና ምርመራ ማድረጋቸው ሥራቸው የሚጠይቀው ጥንቃቄ እንጂ ንቀት አይደለም። ሁለተኛው፣ ለሚያበስል ሰው ሕግ ብቻ ሳይሆን ኑሮም መታሰብ አለበት፤ ቢታመም ከሥራው እንደሚወጣና ደመወዙ እንደሚቀር የሚፈራ ሠራተኛ ሕመሙን ይደብቃል። የታመመ ሠራተኛ ሳይሸማቀቅ «ዛሬ አሞኛል» ብሎ እንዲቀር ማድረግ ለራሱም ለተመጋቢውም ይበጃል።

በኮሌጁ ወጥ ቤት ማንም ሰው ሻሽ ሳያስር ወይም ቆብ ሳያደርግ፣ ቀለበቱን ሳያወልቅ፣ ጥፍሩን ሳይቈርጥና እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ምድጃው አይቀርብም ነበር። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ለሰላጣ አይውልም። ሰላጣ እሳት ስለማያየው፣ ከማንኛውም ምግብ ይልቅ የሚጠነቀቁለት ለእርሱ ነበር፤ በሃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ የመጣው ቅጠል በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። እንጀራም ቢሆን ሳይበርድ ተደራርቦ ከታሸገ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀርና ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይበርዳል። ሊጡም በሐምሌ ብርድ ከበጋው ይልቅ ለመቡካት ይዘገያል፤ ጋጋሪዋ ይህን አውቃ እርሾውን ቀደም ብላ ትጥላለች፤ አብሲቱንም በጊዜው ትጨምራለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

ስለ ምግቡም ጥቅም አንድ ነገር ልጨምር። የጾም ምግብ ደካማ ምግብ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የእህል ዓይነቶች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ሲያንሳቸው፣ ምስር፣ አተርና ሽምብራ ይህንኑ በብዛት ይዘዋል። እንግዲህ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። ጐመን ሲጨመር ደግሞ ማዕዱ የተሟላ ይሆናል። አያቶቻችን የላይሲንን ስም ሳይሰሙ ይህን ማጣመራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

፭ኛ. ስለ ተመጋቢው ግዴታ

ብዙ ጊዜ ስለ ምግብ አዳራሽ ስንነጋገር የወጥ ቤቱን ግዴታ ብቻ እንቈጥራለን፤ ምግቡ ቀጠነ፣ ጨው በዛ፣ ሰልፉ ረዘመ እንላለን። ቅሬታ ተገቢ ሲሆን መናገር መልካም ነው፤ ወጥ ቤቱም በዚያ ይታረማል። ነገር ግን ተመጋቢውም የራሱ ግዴታ አለበት። በየቀኑ ከአዳራሹ የሚመለሰውን ፍርፋሪ እየመዘንሁ ስመዘግብ ይህን ተረዳሁ። 300 ሰው እያንዳንዱ 50 ግራም እንጀራ ቢያስተርፍ 15 ኪሎ እንጀራ ይሆናል። ይህ እንጀራ ሌሊት የተቦካ፣ ጎሕ ሳይቀድ የተጋገረ፣ የብዙ ሰው ድካም ያለበት ነው። ሳንበላ የምንተወው ቍራሽ ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲሰበሰብ ግን ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ አንዳንዶቻችን ጥቂት ዓመት ቆይተን ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባታችን አይቀርም። በዚያም ትሪ ይዘን እንሰለፋለን። ያን ጊዜ የምንጨርሰውን ያህል ብቻ እንቀበል፤ ከመሰለፋችን በፊት እጃችንን እንታጠብ፤ ከኋላችን የቆመውን ሰው ጊዜ እናክብር፤ የታመመም ጓደኛ ቢኖር ቶሎ እናስታውቅ። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም የወጥ ቤትን ሥራ ለሴት ልጆች ብቻ የተተወ አድርገው እንዳያዩት በትሕትና አሳስባለሁ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና የጤና ትምህርት ተባብረው የሚሠሩበት እንዲህ ያለ ክፍል ለወንድም ለሴትም ልጅ ትምህርት ቤት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሦስት መቶ ሰው የሚመገብበት ማዕድም እንዲሁ ነው። የሚመዝነው በትክክል ሲመዝን፣ የሚያበስለው በጥንቃቄ ሲያበስል፣ የሚበላውም በአግባቡ ሲበላ ለሁሉም ይበቃል። ምግብ በአደባባይ የሚደረግ አደራ ነው፤ ሰው የማያየውን ድስት አምኖ ይጐርሳልና። ይህን አደራ በየዕለቱ ሳያጓድሉ የሚጠብቁትን እናቶች፣ ትሪያችንን ስንቀበል በስማቸው እየጠራን «እጅዎ ይባረክ» ማለት እንልመድ።